ማት ሞንሮ የሲናትራ ኮፒ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። አባቴ እሁድ እሁድ ሳይሰማት የማይውላት አንዲት የድሮ ካሴት አለችው። ዘፋኙ ማት ሞንሮ ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። ባለፈው አንድ ሙዚቃ አውቃለሁ የሚል ጓደኛዬ ቤት መጥቶ ሰማና ‹ይሄማ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የፍራንክ ሲናትራ ኮፒ ነው፣ የአውቶብስ ሹፌር ነበር እኮ› አለ። አባቴ ተናዶ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሳ። እውነት ሹፌር ነበር? ኮፒስ ነው? እንዲህ ያለ ድምፅ ይዞስ ለምንድን ነው እንደ ሲናትራ ስሙ ያልገነነው?»

ምላሽ፦

ሰላም ልጄ። መጀመሪያ አባትሽን አረጋጊልኝ። ሹፌር ነበር የሚለው እውነት ነው። ኮፒ ነው የሚለው ልክ አይደለም። በእርግጥ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሥራ፣ ተከፍሎት ሲናትራን አስመስሎ ዘፍኗል። ሕይወቱን የቀየረችው ያቺ ቀረጻ ናት። ጓደኛሽ ያለው ነገር ስሙ ላይ የተለጠፈውም ከእሷው ነው። ሦስተኛው ጥያቄሽ ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ድምፃውያንን ማሠልጠን እንጀራዬ ስለሆነ ነገሩን ከድምፁም ከሰውየውም በኩል ላስረዳሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ማት ሞንሮ የወላጅ ስሙ አይደለም። ቴሬንስ ኤድዋርድ ፓርሰንስ ነው የሚባለው፤ ቤት ውስጥ ቴሪ። ዲሴምበር 1 ቀን 1930 በምሥራቅ ለንደን፣ ሾርዲች ውስጥ ተወለደ። ያኔ ሾርዲች የሠራተኛና የድሃ ሰፈር ነው፤ ዛሬ እንደምናየው ቡና በውድ የሚጠጣበት ቦታ አልነበረም። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነው። ሦስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ እናቱ ታመሙና ልጁ ለሰው ተሰጥቶ በማደጎ ቤት ኖረ። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ተወ። ከዚያ ያልሠራው ሥራ የለም፤ እዚህ ገባ፣ እዚያ ወጣ።

ወታደር ሲሆን ሆንግ ኮንግ ተላከ። ሥራው ታንክ መንዳት ማስተማር ነበር። አየሽ፣ መሪ መጨበጥ ከመጀመሪያውም የተጻፈለት ነገር ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሬዲፊውዥን የሚባል ሬዲዮ የተሰጥኦ ውድድር ያቀርብ ነበር። ቴሪ ይገባል፣ ያሸንፋል። ተመልሶ ይገባል፣ ደግሞ ያሸንፋል። በመጨረሻ አቅራቢው ሬይ ኮርዴሮ አንድ ነገር ዘየደ። የራሱን የአንድ ቀን ዝግጅት ይሰጠዋል፤ በምላሹ ቴሪ ውድድሩን ለሌሎች ይለቃል። ተስማሙ። ጁን 27 ቀን 1953 ቴሪ ፓርሰንስ ለብቻው በሬዲዮ ዘፈነ። ውድድር ላይ አትምጣብን ተብሎ የራሱ ፕሮግራም የተሰጠው ሰው እኔ ሌላ አላውቅም።

ለንደን ሲመለስ ግን ሆንግ ኮንግ የሠራው ምንም አልጠቀመውም። ማን ያውቀዋል? የጭነት መኪና ነዳ። ቀጥሎ የለንደን አውቶብስ ያዘ፤ ቁጥር 27። ሹፌር ነበር የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው። በኋላ ጋዜጦች «ዘፋኙ የአውቶብስ ሹፌር» እያሉ ለማስታወቂያ ተጠቀሙበት፤ ለአንባቢ ጥሩ ወሬ ነበራ። ወሬው ግን ትንሽ ያሳስታል። ከመሪው ላይ ተነስቶ በቀጥታ ዝነኛ የሆነ ያስመስለዋል። ከሆንግ ኮንጉ ሬዲዮ እስከ መጀመሪያው እውነተኛ ስኬት ድረስ ሰባት ዓመት ሄዷል። ከሰባቱ አብዛኛው ደግሞ የሚያስለቅስ ነው።

መጀመሪያ የደረሰችለት ዊኒፍሬድ አትዌል ናት። ስለ እሷ ብቻዋን ብትጠይቂኝ ሌላ ረጅም ጽሑፍ ይወጣዋል። ከትሪኒዳድ የመጣች ፒያኒስት ናት። በ1954 በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሙዚቀኛ እሷ ናት። በዚያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ቃሏ ይሰማል። ልጁን ወደደችው፣ ወደ ዴካ የሸክላ ኩባንያ አስገባችው፣ ስምም አወጣችለት። «ሞንሮ» የእሷ የአባቷ ስም ነው። «ማት» ደግሞ ስለ ልጁ መጀመሪያ ከጻፈው ጋዜጠኛ ከማት ዋይት የተወሰደ ነው። ልብ በይ፤ ገና ከስሙ ጀምሮ የተሰጠው የሌላ ሰው ነው። ይሄ ነገር እስከ መጨረሻው ተከትሎታል። ሁልጊዜ ሌላ ሰው በተወው ወይም ሌላ ሰው ባልፈለገው ቦታ ላይ ነው የሚጠራው። ገብቶበት ሲወጣ ግን ቦታው የእሱ ይሆናል።

በ1956 ከቢቢሲ ሾው ባንድ ጋር መዝፈን ጀመረ። በ1957 ዴካ «ብሉ ኤንድ ሴንቲሜንታል» የሚል አልበም አወጣለት። ተቺዎች ወደዱት። ገበያው አልፈለገውም። ምክንያቱን ለማወቅ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ የሙዚቃ ንግድ ማየት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘፈን ሲመታ፣ ለንደን ያሉት ኩባንያዎች ያንኑ ዘፈን በየራሳቸው ዘፋኝ አስቀርጸው ለማውጣት ይሯሯጣሉ። አንድ ዘፈን በአራትና በአምስት ሰው ድምፅ በአንድ ሳምንት ሱቅ ውስጥ ይደረደራል። ሞንሮም «ጋርደን ኦቭ ኤደን»ን ቀርጿል፤ ያንኑ ዘፈን ግን ፍራንኪ ቮን ይዞት አንደኛ ወጣ። ሞንሮ የት እንደነበረ እንኳ ያወቀ የለም። ዴካን ተወ፣ ፎንታና ከሚባል ኩባንያ ጋር ለአጭር ጊዜ ሠራ፣ ከዚያም ወጣ።

1959 ላይ ሰውየው ተረስቷል። ባለቤቱ ሚኪ አዳዲስ ዘፈኖችን ለሬዲዮ ሰዎች እያስተዋወቀች ደመወዝ ታመጣለች። እሱ የሚያመጣው ካሜይ ለሚባለው ሳሙና የዘፈናት አጭር የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የምትከፍለውን ነው። ማስታወቂያው በተላለፈ ቁጥር ትንሽ ገንዘብ ትመጣለች። እንደዚህ ያለ ድምፅ ሳሙና ይሸጥ ነበር እንግዲህ። ባለቀረጻዎቹ ግን ረስተውት አልነበረም። ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ነገር ሲያስፈልግ ይደውሉለታል፤ መጥቶ ዘፍኖ ይሄዳል።

አንድ ቀን የደወለው ጆርጅ ማርቲን ነው።

ጆርጅ ማርቲንን «የቢትልስ ፕሮዲዩሰር» ብለሽ ታውቂው ይሆናል። ያኔ ግን ቢትልስ አልመጡም። ፓርሎፎን የሚባለው ትንሽ የሸክላ ድርጅት ኃላፊ ነው። የሚታወቀውም በቀልድ ሸክላ ነው። ኮሜዲያን ያስገባና የቀልድ ዘፈን ይቀርጻል። በ1959 ከኮሜዲያኑ ፒተር ሴለርስ ጋር አንድ አልበም እየሠራ ነበር። አልበሙ «ሶንግስ ፎር ስዊንጊን ሴለርስ» ይባላል። ርዕሱ ራሱ በሲናትራ ዝነኛ አልበም ላይ የተቀለደ ነው። እንግዲህ በመግቢያው ላይ የሲናትራን አዘፋፈን የሚመስል አንድ ዘፈን ያስፈልጋል። ሴለርስ የሰው ድምፅ በማስመሰል አቻ የለውም፤ ግን ሲናትራን ለማስመሰል መጀመሪያ አንድ ሰው እንዴት እንደሚዘፈን ቢያሳየው ይሻላል። በስቱዲዮ ቋንቋ ጋይድ የምንለው ነው። አንድ ሌላ ዘፋኝ ቀድሞ ይዘፍነዋል፣ የዘፈኑ ባለቤት ያንን ሰምቶ ያጠናል፣ ከዚያ ጋይዱ ይጠፋል። ማንም አይሰማውም። ሞንሮን የጠሩት ለዚያ ነው።

ዘፈነ። ሴለርስ ቀረጻውን ሲሰማ እኔ ከዚህ የተሻለ አልሠራም አለ። ጋይዱ ሳይጠፋ እንዳለ አልበሙ ላይ ገባ፤ ያውም የመጀመሪያው ዘፈን ሆኖ። ስሙ ግን አልተጻፈም። ሸክላው ላይ የተጻፈው ስም «ፍሬድ ፍላንጅ» ነው፤ ለቀልድ የተፈጠረ ስም። ሰው ደግሞ የተከለከለውን ማወቅ ይወዳል። ሸክላው ወጥቶ ሰዉ መነጋገሪያ አደረገው። ፍሬድ ፍላንጅ ማነው? ይሄ ሲናትራ ራሱ ነው እንዴ? እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ የሚዘፍን ማን አለ? ሞንሮ በስሙ አልበም አውጥቶ ያላገኘውን ወሬ፣ በሌለ ስም አንድ ዘፈን ዘፍኖ አገኘው። ማርቲንም ሳይውል ሳያድር ፓርሎፎን ላይ አስፈረመው።

እና ጓደኛሽ ልክ የሚመስለው እዚህ ጋ ነው። አዎ፣ ሲናትራን አስመስሏል። እንዲያስመስል ተቀጥሮ ነው ያስመሰለው። አስመስሎ መዝፈን የቻለ ሁሉ አስመሳይ አይባልም። እኔ ዘንድ ከሚመጡ ልጆች የጥላሁንን ወይም የማህሙድን አዘፋፈን ልቅም አድርገው የሚይዙ አሉ። ያንን እንዲተዉ ስላቸው ባዶ እጃቸውን የሚቀሩ አሉ፤ የራሳቸው ድምፅ የሚወጣም አሉ። ሞንሮ ከሁለተኛዎቹ ነው።

ልዩነቱን ላሳይሽ። ሲናትራ ዘፈኑን ያወራዋል። ቃሉን ከምቱ ትንሽ ወደኋላ ያስቀረዋል ወይም ቀድሞ ይወረውረዋል፤ አንዳንዱን ቃል ይነክሰዋል። አጠገብሽ ተቀምጦ ጉዳዩን የሚነግርሽ ሰው ነው። ሞንሮ እንዲህ ከምቱ ጋር አይጫወትም። ዜማውን እንደተጻፈ ነው የሚይዘው። ቃል ከቃል ሳይቆረጥ፣ ትንፋሹ የት እንደተወሰደ ሳይታወቅ ይፈሳል። ድምፁ ባሪቶን ነው፤ መካከለኛ የወንድ ድምፅ። ወደ ላይ ሲወጣ ግን አይጨነቅም፣ አይጮህም፤ ይሰፋል። አነጋገሩን ደግሞ አስቢው። ሲያወራ የምሥራቅ ለንደን ሰው ነው፤ ፊደል ይውጣል፣ ቃል ይቆርጣል። ሲዘፍን ያ ሁሉ ይጠፋል። እንግሊዝኛሽ መካከለኛ ቢሆንም አንድ ቃል አያመልጥሽም። አባትሽ ምናልባት የወደዱትም በዚህ ይሆናል። ያደገበትን ሰፈር አነጋገር ዘፈኑ ላይ አለማምጣቱን «ሰው ሠራሽ» የሚሉ ተቺዎች አሉ። እኔ አይመስለኝም። አንድ ሰው ሲዘፍን ከሚያወራበት ድምፅ ቢለይ ምን ይደንቃል?

ከፈረመ በኋላ ነገሩ ተገለባበጠ። በ1960 መጨረሻ «ፖርትሬት ኦቭ ማይ ላቭ» ወጣና እንግሊዝ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። ያጀበው አቀናባሪው ጆኒ ስፔንስ ነው፤ ከዚያም ለዓመታት አልተለያዩም። በ1961 «ማይ ካይንድ ኦቭ ገርል» መጣ፤ የሌስሊ ብሪከስ ዘፈን ነው። እንግሊዝ ውስጥ አምስተኛ፣ አሜሪካ ውስጥ 18ኛ ሆነ። ያኔ አንድ እንግሊዛዊ ዘፋኝ አሜሪካ ሰንጠረዥ ውስጥ መግባቱ ራሱ ወሬ ነው።

አሁን ለጓደኛሽ የምትነግሪውን ያዢ። ያንን «ማይ ካይንድ ኦቭ ገርል» በ1962 ሌላ ሰው ከካውንት ቤሲ ባንድ ጋር ቀረጸው። ማን መሰለሽ? ፍራንክ ሲናትራ። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው እንላለን። በ1962 ሞንሮ «ሶፍትሊ አዝ አይ ሊቭ ዩ»ን አወጣ። እንግሊዝ ውስጥ አሥረኛ ሆነ። በ1964 ሲናትራ ይሄንንም ቀረጸው። እንግዲህ ማን ማንን ተከተለ?

«ሶፍትሊ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የሰውየው ሁሉ ነገር እዚያ ውስጥ አለ። ዘፈኑ የመጣው ከጣሊያን ነው። በ1960 ሚና የምትባለው ዘፋኝ «ፒያኖ» ብላ ዘፍናዋለች። ሃል ሼፐር እንግሊዝኛ ግጥም ጻፈለት። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው የሚወዳትን ትቶ ሊሄድ ነው። እሷ ተኝታለች። ከነቃች መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ሳትነቃ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ብዙ ዘፋኝ እዚህ ላይ ያለቅሳል። ሞንሮ አያለቅስም። የተኛ ሰው ክፍል ውስጥ እንዳለ ነው የሚዘፍነው፤ ዝቅ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ቃል ተጠንቅቆ። ኦርኬስትራው ከኋላ እየገፋው ሲመጣ እንኳ አይቸኩልም። ድምፁን የሚከፍተው መጨረሻ አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ታፍኖ የቆየው ነገር ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ዘፈን ናት። ለተማሪዎቼ ትዕግሥት ለማስተማር ስፈልግ እሷን አስከፍታለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉን የሰጠ ድምፃዊ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው የለውም። የሲናትራንም ስሚው፤ እሱም ግሩም ነው፣ ግን ሌላ ሰው ነው የሚሄደው።

በ1963 የጄምስ ቦንዱን «ፍሮም ራሺያ ዊዝ ላቭ» ዘፈነ። ግጥምና ዜማው የላዮነል ባርት ነው። ፊልሙ ሲጀምር የሚሰማው ያለ ዘፋኝ ሙዚቃው ብቻ ነው። የሞንሮ ድምፅ ቦንድ በጀልባ ሲዝናና ከሬዲዮ ይሰማል፤ ሙሉው የሚመጣው ሰዉ ከወንበሩ ሲነሳ፣ መጨረሻ ላይ ነው።

1964 ላይ ደግሞ ዩሮቪዥን የሚባለው የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር አለ። ውድድሩ ኮፐንሃገን ነበር፤ እንግሊዝን ወክሎ ሄደ። ጣሊያናዊቷ ጂልዮላ ቺንኩዌቲ በ49 ነጥብ አሸነፈች። ሞንሮ በ17 ሁለተኛ ሆነ። የዘፈነው ዘፈን አገር ቤት ሲመለስ ማንም አልገዛውም። ግን እዚያው ውድድር ላይ ስድስተኛ የወጣ አንድ ኦስትሪያዊ ነበር፣ ኡዶ ዩርገንስ የሚባል። ሞንሮ የእሱን ዘፈን ሰምቶ ጆሮው ቆመ። ይዞት ተመለሰና ለሥራ አስኪያጁ ለዶን ብላክ እንግሊዝኛ ግጥም ጻፍለት አለው። ብላክ ያኔ ግጥም ጸሐፊ ነኝ የሚል ሰው አልነበረም። መድረክ ላይ ቀልድ ሞክሮ ያልሆነለት፣ ዘፈን የሚያሻሽጥ የምሥራቅ ለንደን ልጅ ነው። ጻፈው። «ዎክ አዌይ» ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ አራተኛ፣ አሜሪካ ውስጥ 23ኛ። ለሌላ አገር ብዙ ነጥብ ያላመጣ ዘፈን የእሱ ትልቅ ዘፈን ሆነ። አልኩሽ አይደል?

የዶን ብላክን ነገር አትለፊው። ሞንሮ ካገኘው ዕውቅና ሁሉ ይልቅ አንድን ሰው ግጥም ጸሐፊ ማድረጉ ሳይበልጥ አይቀርም። ብላክ ከዚያ በኋላ የ«ተንደርቦል»ንና የ«ዳይመንድስ አር ፎርኤቨር»ን ግጥም የጻፈው ሰው ነው። በሩን የከፈተለት ሞንሮ ነው።

በዚህ መሀል ግን ዘመኑ ተገልብጧል። ጆርጅ ማርቲን በ1962 አራት የሊቨርፑል ልጆች አስፈርሟል። ከ1963 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ከኦርኬስትራ ፊት ሱፍ ለብሶ የሚቆም ዘፋኝ አባቶች የሚሰሙት ሆነ። ሞንሮን ሞገስ የሰጠው ፕሮዲዩሰር ራሱ ነው ሳያስበው ገበያውን ያጠፋበት። ደግነቱ ያው ሰው ካሠውም። ቢትልስ «የስተርዴይ»ን በ1965 ሲቀርጹ እንግሊዝ ውስጥ ነጠላ ዜማ አድርገው አላወጡትም። ቦታው ክፍት ነው። ማርቲን ለሞንሮ ሰጠው፤ ስምንተኛ ደረጃ ደረሰ። ዛሬ ያ ዘፈን ቁጥር ስፍር በሌለው ሰው ተዘፍኗል። እንግሊዝ ውስጥ ቀድሞ ሰንጠረዥ ያስገባው ግን የቀድሞው የ27 ቁጥር ሹፌር ነው።

«ቦርን ፍሪ» ከዚያ መጣ፣ 1966 ላይ። ኬንያ ውስጥ ሰው እጅ አድጋ ወደ ዱር ስለተመለሰችው አንበሳ፣ ስለ ኤልሳ የተሠራ ፊልም ነው። ዜማው የጆን ባሪ፣ ግጥሙ የብላክ። የፊልሙ ሰዎች ዘፈኑን አልወደዱትም፤ ከፊልሙም አውጥተውት ነበር። እነ ብላክ ተከራክረው አስመለሱት። ባይመለስ ኖሮ ለኦስካር እንኳ አይቀርብም ነበር። ቀርቦ በ1967 ኦስካር አሸነፈ። የሞንሮ መታወቂያ ዘፈን ሆነ፤ መድረክ ላይ ሳይዘፍነው አይወርድም። ግን አስቂኙን ነገር ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ዘፈን በሰንጠረዥ ላይ ከፍ ብሎ የወጣው በእሱ ድምፅ አይደለም። ሮጀር ዊሊያምስ የተባለ ፒያኒስት ተጫውቶት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄሽ መልስ የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው። ናት ኪንግ ኮል በፌብሩዋሪ 1965 ሞተ። ኩባንያው ካፒቶል እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ አጣ። ሞንሮን ወሰዱት። ቤተሰቡን ይዞ ካሊፎርኒያ ገባ። በወረቀት ላይ ሲታይ ትልቅ ዕድል ነው። በእኔ አስተያየት ግን የመጣው ቢያንስ በአምስት ዓመት ዘግይቶ ነው። የኮልን ወንበር ሰጡት እንጂ የኮልን ዘመን ሊሰጡት አይችሉም። በ1966 እና በ67 አሜሪካ ውስጥ የነበረውን ሙዚቃ ታውቂዋለሽ። የገዛ አገሩን ገበያም በሌለበት ለቶም ጆንስና ለኤንግልበርት ሀምፐርዲንክ ለቀቀላቸው። እነሱ ሸሚዛቸውን ከፍተው መጡ፤ እሱ ክራቫቱን እንዳሰረ ነበር።

ሌላም አለ። ሲናትራ ፊልም ሠርቷል፣ ትዳር አፍርሷል፣ ተደባድቧል፣ ከማፊያ ጋር ስሙ ተነስቷል። ዘፈኑን ባትሰሚ እንኳ ስሙን ትሰሚያለሽ። ሞንሮ የፊልም ተዋናይ አልሆነም። ዝነኛ ሐሜት የለውም። ዘፍኖ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። ሙያተኞች ይወዱታል፤ ሲናትራ ራሱ የሚያደንቀው ዘፋኝ ነበር። እንደዚህ ያለ ዝና ግን ጋዜጣ አይሸጥም። ድምፁን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፣ ፊቱን ግን ጥቂት ሰው። «ዘ ኢታሊያን ጆብ» የሚለው የ1969 ፊልም አከፋፈት ላይ አንድ ሰው ብርቱካንማ ላምቦርጊኒ በአልፕስ ተራሮች ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሲነዳ ይታያል። ከላይ የሚሰማው ድምፅ የሞንሮ ነው። ሙዚቃው የኩዊንሲ ጆንስ፣ ግጥሙ አሁንም የብላክ። ያንን ትዕይንት ስንቱ በቃሉ ይይዘዋል! ማን እየዘፈነ እንደሆነ ብትጠይቂ ግን መልስ የለም።

«ስሙ አልገነነም» የሚለውን ደግሞ ማድሪድ ወይም ቦነስ አይረስ ሄደሽ አትናገሪው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በስፓኒሽ መዝፈን ጀመረ። ቋንቋውን አይችልም፤ ቃሉን በድምፁ እያጠና ነው የዘፈነው። «አልጊየን ካንቶ» የሚለው ዘፈኑ በስፔንና በላቲን አሜሪካ እጅግ ተወደደ። ዜማው እንደገና የኡዶ ዩርገንስ ነው፤ ሞንሮ በእንግሊዝኛም «ዘ ሚውዚክ ፕሌይድ» ብሎ ዘፍኖታል። ፊሊፒንስም ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያከብሩት ሰው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ሲረሳው ሌላው አልረሳውም።

የ1970ዎቹ ታሪክ አጭር ነው። በ1973 «ኤንድ ዩ ስማይልድ» 28ኛ ደረጃ ላይ ደረሰች፤ እንግሊዝ ሰንጠረዥ ላይ የታየችው የመጨረሻ ነጠላ ዜማው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ኑሮው መድረክ ነው፤ ክለብ፣ ሆቴል፣ አውሮፕላን፣ ደግሞ ክለብ። መጠጥ ቀድሞም ነበረ፤ እየባሰ ሄደ። ታክሞበታል። ይሄን የምጽፈው ለሐሜት አይደለም። ድምፁን እየሰሙ «ምን ያህል የተረጋጋ ሰው ነው» የሚሉ ስላሉ ነው። መረጋጋቱ ማይክሮፎን ፊት ነበር። የሚገርመኝ ድምፁ አለመጎዳቱ ነው። በ1980 የድሮ ዘፈኖቹ «ሃርትብሬከርስ» በሚል አልበም ተሰብስበው ሲወጡ እንግሊዝ ውስጥ አምስተኛ ደረጃ ደረሱ፤ አድማጩ የትም አልሄደም ነበር። በ1984 የጉበት ካንሰር ተገኘበት። ንቅለ ተከላ ታስቦ ነበር፤ በሽታው ግን ተሰራጭቶ ተገኘ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1985 ለንደን ውስጥ፣ ክሮምዌል ሆስፒታል፣ በ54 ዓመቱ ሞተ። ልጁ ማት ሞንሮ ጁኒየርም ዘፋኝ ሆኖ የአባቱን ዘፈኖች ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ካሴቱ። አብዛኞቹ የድሮ ስብስቦች «ቦርን ፍሪ»፣ «ዎክ አዌይ»ና «የስተርዴይ» አሏቸው፤ እነሱን አባትሽ በቃላቸው ያውቋቸዋል። አንቺ ስልክሽ ላይ ፈልጊና ጓደኛሽ በተገኘበት እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ የፍሬድ ፍላንጅን «ዩ ኪፕ ሚ ስዊንጊን»ን አስከፍቺ። ማን እንደሆነ አትንገሪው፤ ሲናትራ ነው ይበል። ቀጥሎ የሞንሮን «ማይ ካይንድ ኦቭ ገርል»፣ ከዚያ የሲናትራንና የካውንት ቤሲን። ሦስቱን በተከታታይ ሲሰማ ልዩነቱ ራሱ ይነግረዋል። ትከሻውን ነቅንቆ አሁንም ኮፒ ነው ካለሽ «አልጊየን ካንቶ»ን አስከፍቺና ሲናትራ ይሄንን በስፓኒሽ የት እንደዘፈነው ጠይቂው። አባትሽም ቡናቸውን ይጨርሱ።